ሠላሳ ምናምን

እኛ ቤት ፕሮግራም ሲቆም «ተበላሸ» አይባልም፤ «ጥቁሩ መጣ» ነው የሚባለው። ስሙን ያወጣችለት እናቴ ናት።

እናቴ ሪያድ፣ ጉበይራ ሰፈር ውስጥ ዕቃ ወደ አገር ቤት የሚልክ የካርጎ ቤት ትሠራለች፤ በሴቶቹ በኩል። በሴቶቹ በኩል ማለት አንድ መስኮት፣ አንድ ወንበር፣ አንድ አሮጌ ኮምፒውተር፣ ከወንዶቹ ክፍል የሚለይ አንድ የእንጨት ግድግዳ፣ በቃ። ደንበኛዋ ሸንጣዋን እየጎተተች ትመጣለች፤ እናቴ የላኪዋን ስም፣ የተቀባዩን ስም፣ ከተማውን፣ ስልኩን፣ የዕቃውን ዓይነትና ክብደት እየጠየቀች ትጽፋለች። ከዚያ «መዝግብ» የሚለውን ስትጫን አንዳንዴ ይመዘግባል። አንዳንዴ ደግሞ ጥቁር መስኮት ብቅ ይልና መዓት የእንግሊዝኛ መስመር ዘርግፎ፣ ማንም አንብቦት ሳይጨርስ ፕሮግራሙን ይዞት ይጠፋል። የተጻፈውም አብሮ ይሄዳል። እንደገና ስም፣ እንደገና ከተማ፣ እንደገና ስልክ። አንዷ ደንበኛ «እህቴ፣ ስሜን ስንት ጊዜ ልንገርሽ? እናቴም ይህን ያህል አልጠራችኝ» ብላ ሰልፉን በሙሉ አሳቀችው አሉ። እናቴ ቤት ገብታ ስትነግረን እሷም ሳቀች፤ ሳቋ ግን አላማረኝም።

ያላማረኝ ምክንያት ነበረው። ሙዲሩ፣ ማለትም ሥራውን የሚቆጣጠረው የባለቤቱ የወንድም ልጅ፣ አንድ ነገር አስተውሏል። የወንዶቹ ኮምፒውተር አይቆምም፤ የሚቆመው የሴቶቹ ብቻ ነው። ፕሮግራሙ አንድ ዓይነት፣ ኮምፒውተሩም አንድ ዓይነት። እንግዲህ የተለየችው እናቴ ናት። ከዒድ በኋላ ኮምፒውተር የተማረች ሌላ ሴት አምጥቶ እዚያ ወንበር ላይ ሊያስቀምጥ እንዳሰበ በጨዋ ደንብ ነግሯታል። የእናቴ ኢቃማ፣ የመኖሪያ ፈቃዷ፣ ያለው በዚያው ቤት ባለቤት ስም ነው። ወንበሩ ከሄደ ኢቃማው ይከተላል፤ ኢቃማው ከሄደ ደግሞ ሌላውን መዘርዘር አያስፈልግም።

ያን ጊዜ በኮሮናው ምክንያት ትምህርት ቤት ተዘግቶ የምማረው ከቤት ነበር። ለትምህርቱ ተብሎ በተገዛልኝ ላፕቶፕ ላይ፣ ክፍሉ ሲያልቅ፣ ፕሮግራም መጻፍ ከኢንተርኔት እየለቀምኩ ተምሬ ነበር። ጎበዝ ነበርኩ፤ ይህን ለማለት አላፍርም። ስለዚህ አንድ ከሰዓት «እማ፣ እኔ ልየው» አልኳትና አብሬያት ሄድኩ።

የካርጎ ቤቱን ፕሮግራም የሠራው ባጥሐ ሰፈር ሱቅ የነበረው አንድ ባለሙያ ነው። ሰውዬው ወደ አገሩ ከገባ ቆይቷል፤ የጻፈው ኮድ ግን እዚያው ኮምፒውተር ላይ ተቀምጦ ነበር። ወዲያው ከፍቼ ልገባበት ፈልጌ ነበር። እናቴ ግን ሥራ ላይ ነበረችና ከጎኗ ካርቶን ላይ ተቀምጬ መጀመሪያ ዝም ብዬ አየሁ። እንኳንም አየሁ።

አንዲት ሴት ትልቅ ሸንጣ ይዛ መጣች። ስም ተጻፈ፣ ከተማ ተጻፈ፣ ስልክ ተጻፈ። ከዚያ እናቴ ክብደቱን ጠየቀቻት። ሚዛኑ ያለው በወንዶቹ በኩል ነው፤ የሴቶቹ ዕቃ የሚመዘነው ከተመዘገበ በኋላ ግድግዳውን ሲሻገር ነው። ሴትየዋ ሸንጣዋን በእግሯ ነካ አደረገችና «እኔ እንጃ፣ ሠላሳ ምናምን» አለች። እናቴም በሁለት ጣቷ እየለቀመች ጻፈች፤ ሦስት፣ ዜሮ፣ ክፍተት፣ ከዚያ ምናምን። «መዝግብ»ን ተጫነች።

ጥቁሩ መጣ።

«እማ፣ ምን ብለሽ ነው የጻፍሽበት?»

«ያለችውን ነዋ።»

«ሠላሳ ብቻ በይው።»

«ሳይመዘን?» አለችኝ፤ ስድብ የተናገርኩ ይመስል ዞራ አየችኝ። «እኔ ሠላሳ ብዬ ጽፌ ወንዶቹ ጋ ሠላሳ አምስት ቢወጣ ማን ነው ቀጣፊዋ? ያልመዘንኩትን ሠላሳ ነው አልልም።»

ሳቄን መቆጣጠር አቃተኝ። ሙዲሩ ያላገኘው፣ ባለሙያውም ሳያስበው የሄደው ነገር ይሄው ነበር፤ ምናምን። ለፕሮግራሙ የክብደቱ ሳጥን የቁጥር ሳጥን ነው። ሠላሳን ያውቃል። «ምናምን»ን አይቶ አያውቅም። ሲያየው ደነገጠ፣ ሲደነግጥ ያለውን ሁሉ ጥሎ ሮጠ። ወንዶቹ ጋ የማይቆመው እነሱ ሚዛኑን እያዩ ስለሚጽፉ ነው። እናቴ ጋ የሚቆመው እናቴ መዋሸት ስለማትወድ ነው።

እኔ ሪያድ ነው ያደግኩት፤ ዐረብኛው ከአፌ ቀድሞ ይወጣል። «ምናምን»ን ግን በዐረብኛ ፈልጌ አጥቼዋለሁ። «በግምት» የሚል ቃል አለ፤ «ገደማ»ም አለ። ምናምን ግን ሌላ ነው። ሠላሳ ምናምን ያለ ሰው ሠላሳ መድረሱን ያውቃል፣ የቀረውን ለሚዛኑ ትቷል። በአንድ ቃል ይህን ሁሉ ማለት እንዴት ደስ ይላል። ይህን ታሪክ በአማርኛ የምጽፈውም በሌላ ቋንቋ ገና ከርዕሱ ስለሚሰናከል ነው።

እሺ፣ ወደ ፕሮግራሙ። ምን አደረግኩ? ከኢንተርኔት የተማርኩትን የመጀመሪያውን ዘዴ ተጠቀምኩ። ኮዱ ውስጥ የሚመዘግበውን ክፍል «ሞክር፤ ካቃተህ ዝም ብለህ እለፍ» በሚል ትእዛዝ አጠርኩት። ሁለት መስመር ናት። ከዚያ በኋላ እናቴ ምናምንም ትጻፍ፣ ምንም ትጻፍ፣ ጥቁሩ አይመጣም። «መዝግብ»ን ስትጫን ሳጥኖቹ ጥርግ ብለው ለሚቀጥለው ደንበኛ ይዘጋጃሉ።

እናቴ ለሰልፉ ሁሉ «ልጄ ናት ያዳነችው» ስትል ሰነበተች። ሙዲሩም ሌላዋን ሴት ማንሣት ተወ። እኔ በዚያ ሰሞን ጉበይራ ውስጥ ስሄድ የመንገዱ ባለቤት የሆንኩ ይመስለኝ ነበር።

ከዚያ ከአገር ቤት ስልክ ተደወለ።

የደወለችው ሴት እዚህ ሪያድ ዓመታት ሰው ቤት ሠርታ፣ በቅርቡ ጠቅልላ የገባች ናት። ከመሄዷ በፊት ሁለት ሸንጣና አንድ የልብስ ስፌት መኪና በእናቴ በኩል ልካ ነበር። ሸንጣዎቹ ደርሰዋል። መኪናው የለም። በመኪናው ልብስ እየሰፋች ልትኖር ነበር ሐሳቧ፤ ቤት ተከራይታ እየጠበቀችው ነው። እናቴ ሴትየዋን በደንብ ታስታውሳታለች፤ መኪናውን በብርድ ልብስ ሲጠቀልሉት አግዛታለች። በፕሮግራሙ ብትፈልግ ሁለቱ ሸንጣዎች አሉ፣ መኪናው የለም። ሴትየዋ የስልክ ፎቶ ላከች፤ መኪናው በእናቴ መስኮት ፊት ቆሞ፣ የእናቴ እጅ ገመዱን ይዞት ይታያል።

ለእናቴ ከዚህ የባሰ ፎቶ አልነበረም። ሙዲሩ ፎቶውን አየ፣ ስክሪኑን አየ። ዕቃው እጇ ገብቷል፤ በመዝገቡ ግን የለም። ሌባ አላላትም። እስከ ሳምንቱ መጨረሻ ፈልጊው፣ ካልሆነ ከባለቤቱ ጋር እንነጋገራለን አላት። ድምፁን ዝቅ አድርጎ መናገሩ የበለጠ አስፈራት።

እናቴ ይህን ቤት ስትነግረን እኔ ገና ሳትጨርስ ገብቶኝ ነበር። «እማ፣ የመኪናውን ክብደት ስንት ብላሽ ነበር?» አልኳት። አሰብ አደረገችና «ሃያ ምናምን» አለች።

በነጋታው ጠዋት አብረን ሄድን፤ ወንዶቹ ሥራ ሳይጀምሩ መጋዘኑን አስከፈተችልኝ። ዕቃ ወደ ጭነት መኪናው የሚወጣው ስክሪኑ ላይ ያለው ስም እየተጠራ ነው። ስሙ ያልተጠራ ዕቃ ወደ ጥግ ይገፋል፤ ነገ ይጠራ ይሆናል ተብሎ። ጥጉ ጋ ስንደርስ የስፌት መኪናው በብርድ ልብሱ እንደተጠቀለለ ቆሟል፤ ላዩ ላይ በእናቴ እጅ ጽሑፍ የተቀባዩ ስምና ከተማው በማርከር ተጽፏል። ከአጠገቡ ሌሎችም አሉ፤ ብርድ ልብስ፣ ምንጣፍ፣ የሕፃን አልጋ፣ ሁሉም የእናቴ ጽሑፍ አለባቸው። ሁሉም ምናምኖች ናቸው። ፕሮግራሜ አንዱንም አልመዘገበም፤ አንዱንም አልመዘገብኩም ብሎም አልተናገረም። «ዝም ብለህ እለፍ» አልኩት፣ ዝም ብሎ አለፈ። ታዛዥ ነው።

እናቴ ብርድ ልብሱን እየዳሰሰች «አልሐምዱሊላህ» አለችና ምንጣፉ ላይ ቁጭ አለች። ከጎኗ ተቀመጥኩ። እንደምትቆጣኝ ጠብቄ ነበር። እሷ ግን ስለ አባቷ መናገር ጀመረች።

አያቴ ወሎ ሲሞት እናቴ እዚህ ሰው ቤት ትሠራ ነበር፤ እኔ ገና አልተወለድኩም። ዘመዶቿ ብቻዋን ናት፣ ትደነግጣለች ብለው ደበቋት። በደወለች ቁጥር አባቷ መስጊድ ሄዷል፣ ተኝቷል፣ ገበያ ወጥቷል ይሏታል። እሷም ሰላም በሉልኝ እያለች ስልኩን ትዘጋለች። አንድ ቀን አንዲት የአገሯ ልጅ የሰማች መስሏት፣ በስልክ፣ እሷ ወጥ ቤት ቆማ ሳህን እያጠበች ሳለ «አላህ ያጥናሽ» አለቻት። በዚያች ቃል ነው የሰማችው። ሳህኑ ወድቆ ተሰበረ፤ የቤቱ እመቤት ስለ ሳህኑ ጠየቀቻት።

«ሁለቱንም አደረጉብኝ» አለችኝ እናቴ። «መጀመሪያ ደበቁኝ፣ ኋላ ደግሞ ወረወሩብኝ። መርዶ እንዲህ አይነገርም።»

እንዴት እንደሚነገር ጠየቅኳት። ሪያድ ውስጥ እሷና ጓደኞቿ ስንቱን መርዶ እንደነገሩ ያን ቀን ነው ያወቅኩት። አይደበቅም፤ ግን መንገድ ላይ አይነገርም። ብቻዋን እያለች አይነገራትም። ሳትበላም አይነገራትም፤ ከሰማች በኋላ እህል አይወርድላትም። ስለዚህ በሆነ ሰበብ ይጠሯታል፣ መጀመሪያ ትብላ ይባላል፣ ክንዷን የምትይዝ አንዲት ጠንካራ ሴት ከጎኗ ትቀመጣለች፣ ከዚያ አንድ ሰው ብቻ፣ ሳያድበሰብስ፣ በአጭሩ ይናገራል። ቀጥሎ ምን እንደሚደረግም አብሮ ይነገራታል፤ ሰደቃው የት እንደሆነ፣ ማን አብሯት እንደሚያድር።

እሷ ስለ አባቷ ነበር የምትናገረው። እኔ ግን እየሰማሁ ጭንቅላቴ ውስጥ መብራት በመብራት ሆነ። የባለሙያው ፕሮግራም መርዶውን ወጥ ቤት ይወረውራል። የእኔው ደግሞ አባትሽ መስጊድ ሄዷል ይላል።

ኮዱን በፍላሽ ይዤ ቤት ገብቼ ሁለቱን መስመሬን አጠፋሁና እንደ አዲስ ጀመርኩ። መጀመሪያ ትብላ፤ ማለት ፕሮግራሙ ምንም ነገር ከመመርመሩ በፊት የተጻፈውን ሁሉ እንዳለ ያስቀምጣል። ያንን ክፍል በኮዱ ውስጥ ስሙን ራሱ «ትብላ» አልኩት። የጻፍኩበት ቋንቋ የአማርኛ ስም ይቀበላል፤ ይህን ሳውቅ ብቻዬን አጨበጨብኩ። ቀጥሎ ይመረምራል። የማይገባው ነገር ካገኘ አይሮጥም፣ አይደብቅም፤ ምኑ እንዳልገባውና ቀጥሎ ምን እንደሚደረግ ይናገራል። ያ የእንግሊዝኛ ዝርዝር አልጠፋም፤ ለእኔ ያስፈልገኛል። ነገር ግን ደንበኛ ፊት ከመዘርገፍ ይልቅ እኔ ብቻ የማነበው ቦታ ይገባል። ለምናምን ደግሞ የራሱን ሳጥን ሠራሁለት፤ «ግምት» የሚል። እውነተኛውን ክብደት ወንዶቹ ከሚዛኑ ላይ ይሞሉታል። እናቴ ቀጣፊ ሳትባል፣ ፕሮግራሙም ሳይደነግጥ።

ቃሉ ላይ ግን ተጣላን። እኔ «ስህተት፦ ክብደት ቁጥር መሆን አለበት» ብዬ ጽፌ አሳየኋት።

«ማን ነው የተሳሳተው?» አለችኝ።

«ማንም። እንዲያው የሚባል ነው።»

«እንዲያው ከሆነ አይባል። ሰው ፊት ተቀምጬ በገዛ ልጄ ስህተት ልባል?»

«እና ምን ይበልሽ?»

«እህቴ ይበለኝ። እዚህ አገር የማያውቀኝ ሁሉ እህቴ ይለኛል፤ እሱ ከማን በልጦ ነው?»

ስለዚህ ፕሮግራሙ «እህቴ» ማለት ጀመረ። «እህቴ፣ የጻፍሽው ሁሉ ተቀምጧል። ክብደቱ ላይ ግን ቁጥር አላገኘሁም። ይለፍ፤ ሲመዘን ይሞላል።» እዚህ ድረስ ተስማማን። የቀረው እኔ ያላሰብኩት ነገር ሲመጣ የሚለው ነበር። ምክንያቱም ይመጣል፤ ምናምንን ማን አስቦት ነበር? ያኔ አውቃለሁ እያለ እንዲያስመስል አልፈለግኩም። እንዲህ ብዬ ጻፍኩ፦ «እህቴ፣ ምን እንደሆነ አላወቅሁም። የጻፍሽው ግን እኔ ጋ አለ። ልጅሽን ጥሪያት።» እናቴ ይህን አንብባ ሻርፗን አስተካከለች።

የስፌት መኪናው ተመዝግቦ ተጫነ። ሌሎቹም የእናቴ ዕቃዎች አብረው። ሙዲሩ መኪናው መገኘቱን ሰምቷል፤ ግን መገኘቱ አልበቃውም። በእሱ ቦታ ብሆን እኔንም አይበቃኝም፤ ነገም ሌላ ይጠፋ ይሆናል። በሳምንቱ መጨረሻ ጉሮሮውን ጠርጎ በሴቶቹ በኩል ገባ። ማስኩን ከፍ አድርጎ ራሱ ወንበሩ ላይ ተቀመጠ። እናቴ ግድግዳውን ተደግፋ ቆመች፤ እኔ ከኋላ ካርቶኖቹ መሀል ነበርኩ።

የፈጠራ ስም ጻፈ፣ የፈጠራ ከተማ ጻፈ። ክብደቱ ጋ ሲደርስ በዐረብኛ «አንድ ግመል» ብሎ ጻፈና ተጫነ። ስክሪኑ አልጠቆረም። ጽሑፉ ወጣ። ምን አለ ብሎ እናቴን ጠየቃት። እናቴ መተርጎሙን ፈራች፤ ግን እሷ የተባለውን ነው የምትለው። «‹እህቴ› ነው ያለህ» አለችው። «የጻፍሽው ሁሉ ተቀምጧል፣ ግመሉ ሲመዘን ይሞላል።»

ሙዲሩ «እኔ ነኝ እህቱ?» አለ፤ ከማስኩ በላይ ዓይኖቹ ሲስቁ አየሁ።

ግን አልተወውም። ጎንበስ አለና መረጃው የሚቀመጥበትን ከጎን የተሰካ ዲስክ ነቀለው። ይህን አላሰብኩትም ነበር። እውነቱን ለመናገር እጄን አፌ ላይ አደረግኩ። «መዝግብ»ን ተጫነ። ስክሪኑ ትንሽ አሰበ፤ ፕሮግራሙ ዲስኩን ሲያጣ የተጻፈውን እዚያው ስክሪኑ ላይ እንደያዘ ቆመና ሁለተኛው ጽሑፍ ወጣ። ሙዲሩ እንደገና ወደ እናቴ ዞረ።

እናቴ አሁን አልፈራችም። ቀስ ብላ፣ ቃል በቃል ተረጎመችለት። «ምን እንደሆነ አላወቅሁም አለ። የጻፍከው ግን እሱ ጋ አለ። ‹ልጅሽን ጥሪያት› አለ።»

«የማንን ልጅ?»

እናቴ በአገጯ ወደ ካርቶኖቹ አመለከተች። ዞሮ አየኝ። ዲስኩ በእጁ ነው። ሄጄ ተቀበልኩትና ሰካሁት፤ ግመሉ ከነስሙ ከነከተማው ተመዘገበ።

ሙዲሩ ከወንበሩ ተነሣና ለእናቴ ለቀቀላት። «ኸላስ፣ ተቀመጪ» አላት። ስለ ሌላዋ ሴት ከዚያ ወዲያ አልተነሣም። ሲወጣ በሩ ላይ ቆሞ አንድ ነገር ጠየቀኝ፦ ይህ ነገር ለወንዶቹ በኩልም ይሆናል ወይ? ያላ፣ ኢንሻአላህ፣ አልኩት፤ በመምህር ድምፅ ነበር ያልኩት።

የወንዶቹን ማዘጋጀት ቀላል ነበር። «እህቴ» የነበረው «ወንድሜ» ሆነ። ያስቸገረኝ የመጨረሻው መስመር ብቻ ነው። እዚያ የሚሠራው ወጣት ልጅ የለውም፤ ማንን ይጥራ? እናቴን ሳላማክር ጻፍኩት፦ «ወንድሜ፣ ምን እንደሆነ አላወቅሁም። የጻፍከው ግን እኔ ጋ አለ። ግድግዳውን አንኳኳ፤ እህታችን ታውቃለች።»

ጥቂት ቀን አለፈ፤ እኔ ካርቶኔ ላይ ተቀምጬ የቤት ሥራዬን እየሠራሁ፣ እናቴ ደንበኛ እያስተናገደች ሳለ ከማዶ የእንጨቱ ግድግዳ ተንኳኳ። ከዚያ የወጣቱ ድምፅ፣ «እህቴ፣ ኧረ ይሄ ነገር አንቺን ጥራ አለኝ።»

እናቴ ፊቷን ከስክሪኑ ሳታነሣ፣ ድምፅዋን ብቻ ከፍ አድርጋ ጠየቀችው።

«ምን ብለህ ነው የጻፍክበት?»